ሳይክሊክ ጂኤምፒ፦ ቧንቧው፣ ቀዳዳውና የሮቶው ልክ

ደረቱን አንቆ ለያዘው የልብ ሕመምተኛ ምላሱ ሥር የምትደረገው ናይትሮግሊሰሪን ግማሽ ሚሊግራም ገደማ ናት። ሲልደናፊል፣ ብዙ ሰው በቪያግራ ስሙ የሚያውቀው፣ ከ25 እስከ 100 ሚሊግራም ይዋጣል። ሁለቱም ለየብቻቸው፣ በሐኪም ትእዛዝ ሲወሰዱ ብዙ የሚያስፈሩ መድኃኒቶች አይደሉም። በአንድ ቀን ከተገናኙ ግን የደም ግፊትን ድንገት አውርደው ሰው ሊገድሉ ይችላሉ። በኬሚካል መልካቸው ፈጽሞ አይመሳሰሉም። የሚገናኙት በደም ሥር ግድግዳ ባለ ሕዋስ ውስጥ፣ ሳይክሊክ ጂኤምፒ በምትባል ትንሽ ሞለኪውል ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ ስለ እሷና ስለሚሠሯትና ስለሚሰብሯት ኢንዛይሞች ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥሬ ዕቃው ጂቲፒ ነው፤ እንደ ኤቲፒ ሦስት ፎስፌት የተቀጣጠለበት ሞለኪውል። ጓኒሊል ሳይክሌዝ የሚባለው ኢንዛይም ሁለቱን ፎስፌቶች ቆርጦ ይጥልና የቀረውን አንዱን ወደ ስኳሩ አጥፎ ያስረዋል። ቀለበት ይሆናል፤ “ሳይክሊክ” የተባለውም ለዚሁ ነው። በሌላ በኩል ፎስፎዳይኤስተሬዝ፣ በአጭሩ ፒዲኢ፣ ቀለበቱን በውሃ ሰብሮ ተራ ጂኤምፒ ያደርገዋል። ተራው ጂኤምፒ መልእክት አያደርስም። ሞለኪውሏ መጀመሪያ የታወቀችው በ1963 በአይጥ ሽንት ውስጥ ነው። ከዚያም ለብዙ ዓመታት ሳይክሊክ ኤኤምፒ በምትባለው እህቷ ጥላ ሥር ቆየች፤ በአብዛኛው ሕዋስ ውስጥ መጠኗ ከእህቷ ከአሥር እስከ መቶ እጥፍ ያነሰ ስለሆነ ለመለካትም አስቸጋሪ ነበረች።

ነገሩን ለመያዝ ሰገነት ላይ የተቀመጠ ሮቶ ማሰብ ይበቃል። ከላይ ቧንቧ ይሞላዋል፣ ከታች ቀዳዳ ያፈሰዋል። ሳይክሌዝ ቧንቧው ነው፣ ፒዲኢ ቀዳዳው። የውሃው ልክ ከፍ የሚለው ቧንቧው ሲከፈት ወይም ቀዳዳው ሲደፈን ነው። ልኩን ብቻ አይቶ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ መናገር አይቻልም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ፣ የዓይኑም የሆዱም የመድኃኒቱም ጉዳይ፣ ከዚህ አይወጣም።

ሁለት ዓይነት ቧንቧ

አንደኛው ዓይነት በሕዋሱ ፈሳሽ ውስጥ የሚገኘው ሟሚ ጓኒሊል ሳይክሌዝ ነው። አልፋና ቤታ ከሚባሉ ሁለት ክፍሎች የተገጣጠመ ነው፤ ቤታው ላይ ልክ እንደ ሄሞግሎቢን ብረት የያዘ ሂም አለ። ይህን ቧንቧ የሚከፍተው ናይትሪክ ኦክሳይድ ነው፤ አንድ ናይትሮጅንና አንድ ኦክስጅን ብቻ የሆነ ጋዝ። ጋዙ ብረቱ ላይ ሲያርፍ ብረቱን ከፕሮቲኑ ጋር ያያያዘው ሂስቲዲን የሚባል አሚኖ አሲድ ይለቀቃል፣ የፕሮቲኑ ቅርጽ ይለወጣል፣ የኢንዛይሙ ፍጥነትም ከመቶ እጥፍ በላይ ይጨምራል። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለ፦ ብረቱ ሁለት ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው መሆን አለበት። ኦክሲዳይዝ ሆኖ ወደ ሦስት ካለፈ ጋዙ ቢመጣም ቧንቧው አይከፈትም። ስኳር፣ ሲጋራና የቆየ የደም ግፊት የደም ሥርን ከሚጎዱባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው።

ጋዙን የሚሠራው የደም ሥሩን ውስጠኛ ገጽ የሚሸፍነው ስስ የሕዋስ ንጣፍ፣ ኢንዶቴሊየም፣ ነው። ከአርጊኒን አሚኖ አሲድና ከኦክስጅን ያመርተዋል። ይህ የታወቀው በስህተት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሮበርት ፈርችጎት የጥንቸል የደም ሥር ቁራጭ ላይ አሴቲልኮሊን የሚባል የነርቭ ኬሚካል ሲያደርግ አንዳንዴ ቁራጩ ይጨማደዳል፣ አንዳንዴ ይላላል። ልዩነቱ አቆራረጡ ላይ ሆኖ ተገኘ፤ ሲዘጋጅ ውስጠኛው ንጣፍ ከተፋቀ አይላላም። ይህን በ1980 አሳተመ። ከሦስት ዓመት በፊት ፈሪድ ሙራድ ናይትሮግሊሰሪን የሚሠራው ናይትሪክ ኦክሳይድ ለቆ ሳይክሊክ ጂኤምፒን በማብዛት እንደሆነ አሳይቶ ነበር። ሁለቱ ከሉዊስ ኢግናሮ ጋር በ1998 ኖቤል ተሸለሙ። አልፍሬድ ኖቤል ራሱ ሀብቱን ያፈራው ናይትሮግሊሰሪንን ወደ ዲናማይት ቀይሮ ነው፤ በ1890ዎቹ ደግሞ ሐኪሞቹ ያንኑ ናይትሮግሊሰሪን ለልቡ አዘዙለት።

ሁለተኛው ዓይነት ቧንቧ የሕዋሱን ሽፋን ሰንጥቆ የቆመ ነው። ውጭ የቀረው ጫፉ ሆርሞን ይቀበላል፣ ውስጥ ያለው ጫፉ ጂቲፒን ያጥፋል፤ ተቀባዩም ኢንዛይሙም አንድ ፕሮቲን ነው። የልብ ላይኛው ክፍል በደም ብዛት ሲለጠጥ 28 አሚኖ አሲድ ያላት ኤኤንፒ የምትባል ሆርሞን ይረጫል፤ እሷ “ኤ” የተባለውን ዓይነት ትከፍታለች፤ ኩላሊት ጨውና ውሃ ያስወጣል፣ የደም ሥር ይላላል። ሆስፒታል ውስጥ ለልብ ድካም የሚታዘዘው የቢኤንፒ ምርመራ የዚችን ሆርሞን እህት የሚለካ ነው። “ቢ” የአጥንት እድገት ላይ ይሠራል፤ አኮንድሮፕላዝያ የሚባለው የቁመት እጥረት ላለባቸው ልጆች በ2021 የጸደቀው ቮሶሪታይድ፣ በየቀኑ ከቆዳ ሥር የሚወጋው፣ ይህን ቧንቧ የሚከፍት ነው። “ሲ” የአንጀት ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ቀዳዳውም አንድ አይደለም

ፒዲኢዎች 11 ቤተሰብ ናቸው። 5፣ 6 እና 9 ሳይክሊክ ጂኤምፒን ብቻ ይሰብራሉ፤ 4፣ 7 እና 8 እህቷን ብቻ፤ የቀሩት 1፣ 2፣ 3፣ 10 እና 11 ሁለቱንም። ተማሪን ግራ የሚያጋቡት 2 እና 3 ናቸው። ሳይክሊክ ጂኤምፒ ስትበዛ ፒዲኢ 2 ይፈጥናል፣ ፒዲኢ 3 ደግሞ ይታፈናል። ስለዚህ አንዷ ስትጨምር እህቷ በአንዱ ሕዋስ ትቀንሳለች፣ በሌላው ትጨምራለች፤ የሚወስነው ሕዋሱ የትኛውን ፒዲኢ ይዟል የሚለው ነው። “ሳይክሊክ ጂኤምፒ ሳይክሊክ ኤኤምፒን ይቃወማል” የሚለው የድሮ አባባል የፈረሰው እዚህ ላይ ነው።

ፒዲኢ 5 ደግሞ ራሱን የሚጠብቅ ቀዳዳ ነው። ሞለኪውሏ ስትበዛ ከሚሰብርበት ቦታ ሌላ ባለ ኪሱ ላይ ትገባና ያፈጥነዋል። ውሃው ሲሞላ ቀዳዳው ይሰፋል እንደ ማለት ነው። አንድ የደም ሥር ከላላ በኋላ ተመልሶ የሚጠብቀው በዚህ ነው።

የሮቶው ምሳሌ የሚያሳስትበት ቦታም አለ። ሕዋስ አንድ ገንዳ አይደለም። ፒዲኢዎቹ እዚህም እዚያም እንደ አጥር ቆመው ሞለኪውሏ ከተሠራችበት ጥግ እንዳትርቅ ያግዷታል። በሽፋኑ ሥር በሆርሞን የተሠራችውና በፈሳሹ መሀል በጋዝ የተሠራችው፣ ያው አንድ ሞለኪውል ሆነው፣ በአንድ ሕዋስ ውስጥ የተለያየ ሥራ ይሠራሉ።

የደም ሥር ጡንቻ ውስጥ ሲገባ

የሞለኪውሏ ዋና አድራሻ ፕሮቲን ካይኔዝ ጂ፣ በአጭሩ ፒኬጂ፣ ነው። ሌሎች ፕሮቲኖች ላይ ፎስፌት የሚለጥፍ ኢንዛይም ነው፤ ሞለኪውሏ ስትገባበት ከእንቅልፉ ይነቃል። የደም ሥር ጡንቻ የሚጨማደደው ካልሲየም ሲበዛና ማዮሲን በሚባለው የጡንቻ ፕሮቲን ላይ ፎስፌት ሲለጠፍ ነው። ፒኬጂ በሁለት በኩል ይመጣበታል። አንደኛ፣ ካልሲየም ከመጋዘኑ እንዳይለቀቅ ያፍናል፤ ፖታሲየም የሚወጣበትን በርም ከፍቶ ሕዋሱን የበለጠ ኔጋቲቭ ስለሚያደርገው ከውጭ የሚገባው ካልሲየም ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ ከማዮሲን ላይ ፎስፌት የሚነቅለውን ኢንዛይም ያበረታል። ስለዚህ ካልሲየሙ ባይወርድ እንኳ ጡንቻው ይላላል።

አሁን ወደ መጀመሪያው አደጋ እንመለስ። ናይትሮግሊሰሪን ቧንቧውን እስከ ጥግ ይከፍታል። ሲልደናፊል ፒዲኢ 5ን፣ ማለትም ቀዳዳውን፣ ይደፍናል። ሲልደናፊል ብቻውን ቧንቧ አይከፍትም፤ የወሲብ መነቃቃት ኖሮ ነርቭ ጋዝ ካልለቀቀ ምንም የማያደርገው ለዚህ ነው። “ወሰድኩት፣ አልሠራም” ከሚሉት ብዙዎቹ ይህን አልሰሙም፤ ወይም ቅባት የበዛበት ምግብ በልተው ወዲያው ውጠውታል፤ ቅባት መድኃኒቱ ደም ውስጥ የሚገባበትን ጊዜ በአንድ ሰዓት ገደማ ያዘገየዋል። ሁለቱ መድኃኒቶች ሲገናኙ ግን ውሃው ገብቶ መውጫ ያጣል፤ በመላ ሰውነት ያሉ የደም ሥሮች ይላላሉ፣ ግፊቱ ይወድቃል፣ የታመመው ልብም ደም ያጣል። ሲልደናፊል የወሰደ ሰው ቢያንስ ለ24 ሰዓት፣ የሲልደናፊል ዘመድ የሆነውን ታዳላፊል የወሰደ ለ48 ሰዓት ናይትሬት፣ ማለትም ናይትሮግሊሰሪንና መሰሎቹ፣ አይሰጠውም። ልዩነቱ የመጣው ሲልደናፊል በአራት ሰዓት ገደማ ግማሹ ከደም ሲወጣ ታዳላፊል 17 ሰዓት ተኩል ስለሚወስድበት ነው። ናይትሬት ሲባል አይሶሶርባይድ ዳይናይትሬትም ያው ነው። ስለዚህ ደረቱን ይዞ ድንገተኛ ክፍል የገባ ወንድ “ለስንፈተ ወሲብ ምን ወስደሃል?” ሲባል አፍሮ መደበቁ ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። በማር ወይም በዕፅዋት ስም የሚሸጡ “ኃይል ሰጪዎች”ም እዚሁ ውስጥ ይገባሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2022 ያስጠነቀቀባቸው አንዳንድ የማር ምርቶች ሽፋናቸው ላይ ያልተጻፈ ሲልደናፊል ወይም ታዳላፊል ተገኝቶባቸዋል።

ሌላው ቸል የሚባል ነገር ጉበት ነው። ሲልደናፊልን የሚያፈርሰውን የጉበት ኢንዛይም ሪቶናቪር ያግደዋል፤ በደም ውስጥ ያለው የመድኃኒቱ ጠቅላላ መጠን 11 እጥፍ ይሆናል። ሁለተኛ መስመር የኤችአይቪ መድኃኒት ከሪቶናቪር ጋር የሚወስድ ሰው፣ ሐኪሙ ከፈቀደለት፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ከ25 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም።

ናይትሮግሊሰሪን ራሱም ጠባይ አለው። በተከታታይ ከተወሰደ ይለመዳል፤ በሕዋሱ ውስጥ ወደ ሥራ የሚለውጠው ኢንዛይም በሥራው ብዛት ራሱ ይበላሻል። ድሮ የዲናማይት ፋብሪካ ሠራተኞች ሰኞ ሰኞ ራሳቸውን የሚያማቸው፣ ማክሰኞ የሚተዋቸው በዚሁ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ልማዱ ይለቃቸዋል። ስለዚህ የቆዳ ልጣፉም ክኒኑም በቀን ከ10 እስከ 12 ሰዓት ባዶ ጊዜ ይተውለታል። ምላስ ሥር የሚደረገው ክኒን ደግሞ በጋዝነት ስለሚተን ከራሱ ጥቁር ጠርሙስ ወጥቶ ፕላስቲክ ውስጥ ወይም ጥጥ መሀል ከተቀመጠ ኃይሉን ያጣል።

ቧንቧውን በቀጥታ የሚከፍቱም መጥተዋል። ሪዮሲጓት፣ በ2013 ለሳንባ የደም ሥር ግፊት የጸደቀው፣ ጋዙ ጥቂት ቢሆንም ሟሚውን ሳይክሌዝ ያበረታል። ከሲልደናፊልም ከናይትሬትም ጋር አይሰጥም፤ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሲልደናፊልም በቀን ሦስት ጊዜ 20 ሚሊግራም ለዚሁ የሳንባ ሕመም ይታዘዛል። አገራችን ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በቶንሲል መዘዝ የልብ በራቸው ጠብቦ የሳንባቸው ግፊት የጨመረ ብዙ ወጣቶች አሉ፤ የእነሱ ችግር ደም ወደ ግራ ልብ መግባት ማቃቱ እንጂ የሳንባ ደም ሥር መጥበቡ ብቻ አይደለም። የሳንባውን ደም ሥር ብቻ ማላላት የጠበበው በር ላይ ተጨማሪ ደም መደርደር ነው፤ ሲልደናፊል ለዚህ ዓይነቱ አይመከርም።

ዓይን፦ በመፍሰስ የሚነገር መልእክት

እስካሁን ሞለኪውሏ ስትበዛ ነው መልእክት የሚደርሰው። ዓይን ውስጥ ተገላቢጦሽ ነው። በጨለማ የምናይበት የሬቲና ሕዋስ ውስጥ ሮቶው ሙሉ ነው፤ ሞለኪውሏ በሽፋኑ ላይ ያሉ በሮችን ከፍታ ሶዲየምና ካልሲየም እያስገባች ሕዋሱን ወደ ኔጋቲቭ 40 ሚሊቮልት ገደማ ትይዘዋለች። ማለትም ሕዋሱ በጨለማ ነው የሚናገረው። ብርሃን ሲመጣ ብርሃን ተቀባዩ ፕሮቲን ሮዶፕሲን ይነቃል፣ እሱ ትራንስዱሲን የሚባለውን መልእክተኛ ፕሮቲን ይቀሰቅሳል፣ ትራንስዱሲን ደግሞ ፒዲኢ 6ን ይፈታል። ቀዳዳው ወለል ብሎ ይከፈታል። በሩ ክፍት እንዲሆን ሦስት ገደማ ሞለኪውሎች አብረው መያዝ ስላለባቸው ልኩ ትንሽ ሲወርድ ብዙ በር ይዘጋል። በዚህ ማባዛት ነው ሕዋሱ አንዲት የብርሃን ቅንጣት ሳትቀር የሚለየው።

ወደ ቦታው የሚመልሰው ካልሲየም ነው። በሮቹ ሲዘጉ ካልሲየም ይወርዳል፤ መውረዱን የሚያይ ፕሮቲን የሬቲናውን ሳይክሌዝ ይቀሰቅሳል፤ ሮቶው ይሞላል። የዚህ ሳይክሌዝ ዘረመል ሲበላሽ ልጁ ገና ከሕፃንነቱ ማየት ያቅተዋል። የፒዲኢ 6 ዘረመል ሲበላሽ ደግሞ ሞለኪውሏ ሞልታ ትፈስና ሕዋሱ ቀስ በቀስ ይሞታል፤ መጀመሪያ የሌሊት እይታ ይጠፋል። የሚገርመው ሁለቱም አቅጣጫ ወደ ዓይነ ስውርነት መውሰዱ ነው። ሲልደናፊል ብዙ የወሰደ ሰው ነገሩ ሁሉ ሰማያዊ የሚመስለውም መድኃኒቱ ከ5 አልፎ 6ንም ትንሽ ስለሚነካ ነው።

ሆድ፦ ቧንቧው ተከፍቶ ሲቀር

አንጀት ውስጥ “ሲ” የተባለውን ቧንቧ የሚከፍቱት ጓኒሊንና ዩሮጓኒሊን የሚባሉ የራሳችን ትናንሽ ሆርሞኖች ናቸው። አንዳንድ የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ዝርያዎች ይህን ቁልፍ አስመስለው ቀርጸዋል። መርዙ 18 ወይም 19 አሚኖ አሲድ ብቻ ነው፤ በሦስት የሰልፈር ድልድይ ተጠፍንጎ ስለታሰረ መቀቀል እንኳ አያፈርሰውም፤ ከራሳችን ሆርሞንም አጥብቆ ይይዛል። ቧንቧው ተከፍቶ ይቀራል። የአንጀቱ ፒኬጂ ክሎራይድ የሚወጣበትን በር ይከፍታል፣ ሶዲየም የሚገባበትን አንዱን መንገድ ይዘጋል፤ ውሃ ጨውን ተከትሎ ይወጣል። ሕፃን ልጅ ላይ ውሃ መሰል ተቅማጥ የሚያመጣው ይህ ነው። ኮሌራ በእህቷ በሳይክሊክ ኤኤምፒ በኩል ወደዚያው በር ይደርሳል።

ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ኦአርኤስ፣ ለምን እንደሚሠራ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። መርዙ አንዱን የሶዲየም መንገድ ሲዘጋ ሌላው ይቀራል፤ ሁለት ሶዲየም ከአንድ ግሉኮስ ጋር አብሮ የሚያስገባው። ስለዚህ ጨው ብቻ ወይም ስኳር ብቻ መስጠት አይረዳም። የዓለም ጤና ድርጅት ቅንብር በ1 ሊትር ውሃ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 2.6 ግራም ጨው፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 2.9 ግራም ሲትሬት ነው። ፓኬቱ ከሌለ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ። “ይጠንክርለት” ብሎ ስኳር ማብዛት ውሃውን መልሶ ወደ አንጀት ይስባል፣ ጨው ማብዛት ደግሞ ለሕፃን አንጎል አደገኛ ነው። ፓኬቱን በግማሽ ሊትር መበጥበጥም ያው ስህተት ነው። የተረፈው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል።

ያንኑ ቧንቧ መድኃኒት አድርገው የተጠቀሙበትም አሉ። ሊናክሎታይድ የመርዙ ዘመድ የሆነ ባለ 14 አሚኖ አሲድ ሰንሰለት ነው፤ በ2012 ለቆየ የሆድ ድርቀት ጸደቀ። ከቁርስ 30 ደቂቃ በፊት ይወሰዳል፤ ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት የተከለከለ ነው፤ ፈሳሻቸውን ሊያስጨርስ ስለሚችል።

የወባ ተሐዋሲም የራሱ ፒኬጂ አለው። በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ 48 ሰዓት ተባዝቶ ሕዋሱን ሰብሮ የሚወጣው ይህ ኢንዛይም ሲነቃ ነው፤ ከታገደ ልጆቹ በስለው እዚያው ታሽገው ይቀራሉ። ትንኝ ሆድ ውስጥም ወንዴው ዘር ለመልቀቅ ይኸው ኢንዛይም ያስፈልገዋል። የተሐዋሲው ፒኬጂ ሥራ ቦታው ደጃፍ ላይ ትንሽ አሚኖ አሲድ ሲኖረው የሰው ትልቅ ነው፤ ስለዚህ የእኛን ሳይነካ የእሱን የሚይዝ መድኃኒት መሥራት ይቻላል ተብሎ ይሞከራል።

ለሚለኩት

ላብራቶሪ ውስጥ አብዛኛው ስህተት ሮቶውን ከመርሳት ይመጣል። ቀዳዳው ካልተደፈነ የተሠራው በሰከንዶች ይጠፋል፤ ስለዚህ አይቢኤምኤክስ የሚባለው የፒዲኢ ማገጃ በ0.5 ሚሊሞላር ቀድሞ ይጨመራል። ግን አይቢኤምኤክስ ፒዲኢ 9ን አይነካውም፤ 9 በበዛበት ሕዋስ ቀዳዳው ክፍት ነው። ሙከራው እንዳለቀ ወዲያው ቀዝቃዛ 0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይጨመራል፤ በጨው ውሃ ማጠብ ከተጀመረ በዚያች ደቂቃ ግማሹ ሊሄድ ይችላል። ንባቡ ዝቅተኛ ከሆነ ናሙናውን አሴቲሌት ማድረግ፣ ማለትም አሴቲል የሚባል ቅንጣት መለጠፍ፣ ኤላይዛ የሚባለው በፀረ እንግዳ አካል የሚሠራ መለኪያ ጥቂቱን እንኳ እንዲለይ ያደርገዋል።

የጋዝ ለጋሾቹም ይሸውዳሉ። ዲኢኤ ኖኖኤት በ37 ዲግሪ በሁለት ደቂቃ ገደማ ይጋመሳል። ስለዚህ በ10 ሚሊሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሟሙቶ በረዶ ላይ ይቀመጣል፤ ተራ የሴል ማሳደጊያ ፈሳሽ ውስጥ ጠዋት የሟሟ ከሰዓት ባዶ ነው። ሶዲየም ናይትሮፕሩሳይድ ብርሃን አይወድም፤ ጠርሙሱ በፎይል ይጠቀለል። ምላሹ በእርግጥ በሟሚው ሳይክሌዝ የመጣ መሆኑን ለማወቅ ኦዲኪው የሚባለው የዚህ ሳይክሌዝ ማገጃ በ10 ማይክሮሞላር ይሞከራል፤ የሂሙን ብረት ኦክሲዳይዝ ስለሚያደርገው ምላሹ መጥፋት አለበት። የሞለኪውሏ ሰው ሠራሽ አምሳያ የሆነው 8-ብሮሞ ሳይክሊክ ጂኤምፒ በብዛት ከተጨመረ ደግሞ የእህቷን ካይኔዝ ጭምር ይቀሰቅሳል፤ በዚያ መጠን የታየ ውጤት የፒኬጂ ነው ተብሎ አይጻፍ።

ሁሉም ነገር ትክክል ሆኖ ሳለ የደም ሥር ጡንቻ ሕዋሶቹ ዝም ካሉ፣ ስንት ጊዜ ከሳሕን ወደ ሳሕን እንደተዘዋወሩ መዝገቡን ማየት ነው። እነዚህ ሕዋሶች በተዘዋወሩ ቁጥር ፒኬጂያቸውንም ሟሚ ሳይክሌዛቸውንም እያጡ ይሄዳሉ፤ ጋዙ ይመጣል፣ የሚቀበለው የለም።